ሳይፈረምለት የተመለሰው ጥቅል

ስለ ራሴ ሳልናገር ወደ ነገሩ ብገባ አንባቢ የማንን ቃል እንደሚያነብ አያውቅም፤ ስለዚህ አስቀድሞ እኔን ይወቀኝ። በላቸው እባላለሁ። የዴንቨርና የኦሮራ ሐበሻ ግን «ጠበቃው» ነው የሚለኝ። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረኝም የለም። መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ ወንበርና የእግር ማሞቂያ ብቻ በምትይዝ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ፣ ደንበኞች ጥለውት የሚሄዱትን ጋዜጣ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ራሴን አስተማርኩ። ከዚያ በኋላ የግሪን ካርዱ፣ የዜግነቱ፣ የቤት ኪራይ ድጎማው፣ የትራፊክ ቅጣት ይግባኙ በእኔ እጅ ያላለፈበት ቤት ጥቂት ነው። በአማርኛ የተማሩ የኤርትራ አዛውንቶች ሳይቀሩ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። የእጅ ጽሑፌማ የታወቀ ነው። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ የሞላሁትን ፎርም አገላብጣ አይታ በማሽን የተጻፈ መስሏት ጠይቃኛለች። በተለይ የእንግሊዝኛውን ትልቁን «አር» ስጽፍ እግሩን ረዘም አድርጌ ከመስመሩ በታች አሳልፈዋለሁ፤ እንደዚያ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላየሁም። ይህን «አር» አንባቢ ያስታውስልኝ።

ባለፈው ሰሞን የአንዲት ሴትዮ ፎርም ሞልቼ ፖስታውን ላሽግ ጠርዙን በምላሴ ሳረጥብ፣ ያ ጣፈጥ ብሎ መረር የሚል የሙጫ ጣዕም ካፒቶል ሂል ወደሚባለው የዴንቨር ሰፈር ወሰደኝ። ያኔ አብዛኞቻችን እዚያ ነበርን፤ ከኮልፋክስ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ማሞቂያቸው በመዶሻ እንደሚመታ ቱቦ በሚንኳኳ ያረጁ የጡብ ሕንፃዎች ውስጥ። ሦስት መቶ ዶላር ያለው ሰው አንድ ክፍል ይከራይ ነበር። ዛሬ በዚያ ገንዘብ መኪና ማቆሚያም አይገኝ። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስን በሳንቲም እንሳፈራለን፣ ኮልፋክስን ይዞ እስከ ኦሮራ ይወስደናል፣ ከኋላ ወንበር እስከ ፊት እየተጠራራን ሰላም እንባባላለን። ካፖርታችንን የምንገዛው ከአሮጌ ልብስ መሸጫ ነው። የሟች ካፖርት ነው እየተባባልን እንቀላለዳለን፤ የእኔ ግን የግመል ቀለም ያለው፣ ኮሌታው ሰፊ፣ ውስጡ ሐር የሆነ ነበርና ሟቹ ሳይከበር አልቀረም። ጥጉ ላይ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ታክሲ ነጂ ቴፑን ይዞ ይመጣና ያችኑ አንድ ካሴት ያጫውተናል። ክሩ ከመለጠጡ የተነሳ ዘፋኙ መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ ሰከረ ሰው ይወፍራል፤ እኛም አንሶላችንን እያጠፍን አብረነው እናወፍራለን። ዛሬ ያ ዘፈን በስልክ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሳያወፍር ሲያልፍ ግን ሌላ ሰው የዘፈነው ይመስለኛል።

ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ወይዘሮ ትርንጎ ትኖር ነበር። ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ አንድ ልጇን ኤፍሬምን ብቻዋን ታሳድጋለች። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባ። ወደ ኢራቅም ሄደ። የእሷ ጾምና ስለት እንዲህ በቀላሉ አይጻፍም። ተመልሶ ሲመጣ ሁለት መዳፎቹ ላይ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ጠባሳ ነበረው፤ ከጠየቁት «መኪና ነው» ይላል፣ አይጨምርም። ከጦሩ ተሰናብቶ ጥቂት ወር አርፎ ቴክሳስ ሥራ አግኝቶ ሄደ። የሄደ ሰሞን ነው ነገሬ የሚጀምረው።

ቅዳሜ ነው፤ ትርንጎ ቤት ጠረጴዛ ላይ የኪራይ ድጎማ ፎርሟን እየሞላሁ ነበር። በር ተንኳኳ። ፖስተኛው ነው። በእጁ መጽሐፍ የሚያህል፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ጥቅል ይዟል። ለኤፍሬም የመጣ መሆኑንና ፈርሞ የሚቀበል ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ። ትርንጎ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አልኳትና ጥቅሉን ከፖስተኛው ተቀብዬ የላኪውን አድራሻ አነበብኩ።

«ምንድነው የሚለው፣ ጋሽ በላቸው?»

«ከጦሩ ነው። መልሰው ሊጠሩት ነው።»

«ተሰናብቶ የለም እንዴ?»

«ተሰናብቶም ይጠራል። ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ። ከፈረምሽ ደረሰው ማለት ነው፤ ካልፈረምሽ አልደረሰውም።»

ጥቅሉን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። «ውስጡ ጠጠር ያለ ነገር አለው እኮ።»

«ቁልፍ ይሆናል» አልኳት። «የመሣሪያ ሳጥን ቁልፍ።»

እንዲህ ነበር የምናገረው፤ ሳላውቅም እንደሚያውቅ ሰው። ትርንጎ ግን አላመነታችም። እኔና እሷ ከመጣንበት ዘመን፣ ከቀበሌ የመጣ ወረቀት ላይ የፈረመች እናት ልጇን በገዛ እጇ አስረከበች ማለት ነበር። ያልፈረመችው ቢያንስ አንድ ሳምንት ታገኛለች፤ በዚያ ሳምንት ልጁ አንድ ዘመድ ቤት ይሻገራል። እጇን ሰበሰበች። እኔም እስክሪብቶዬን አውጥቼ ጥቅሉ ላይ፣ በዚያች በምኮራባት ጽሑፌ፣ አንቀበልም፣ ሰውዬው እዚህ አይኖርም የሚል በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። «አልተቀበልንም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምረው በ«አር» ነው። እግሩን በደንብ አስረዘምኩት። ፖስተኛው ትከሻውን ነቅንቆ ይዞት ሄደ።

በሳምንቱ ትርንጎ መሀል ከተማ ካለ ትልቅ መደብር አንድ ሸሚዝ ገዝታ በካርቶኑ አመጣችልኝ። ውኃ ሰማያዊ፣ ኮሌታው ደረቅ፣ እጅጌው በቁልፍ ሳይሆን በጌጥ የሚያዝ። የስንት ቀን አልጋ አንጥፋ እንደገዛችው አላውቅም። «ልጄን ስላተረፍክልኝ» አለችኝ፤ ያን ቀን ብቻ «አንተ» አለችኝ፣ እንደ ወንድም። ለማንም የማወራው ታሪክ ሆነ። አንድ ወታደር ከጦርነት በብዕር ያዳንኩ ሰው ነኝ እል ነበር። ኤፍሬምን ማንም አልጠራውም፤ ስለዚህ አድኜዋለሁ ማለት ነው።

ዓመታት ሄዱ። ኪራይ ጨመረ፣ ካፒቶል ሂልን ለቀን ወደ ኦሮራና ወደ ሞንትቤሎ ተበተንን። ኤፍሬምም ከቴክሳስ ተመልሶ አግብቶ ሞንትቤሎ ቤት ገዛ፤ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዶቹ የምንሰበሰብበት ኦሮራ ውስጥ የአንድ ወገናችን ሱቅ አለ፤ ከፊት በርበሬና ሽሮ ይሸጣል፣ ከኋላ አራት ጠረጴዛ አለው። የመሀሉ ጠረጴዛ የእኔ ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም። አንድ እሁድ ጨዋታው ስለ ጀግንነት ሆነና ሁሉም የራሱን ሲያወራ አንዱ ኤፍሬምን «አንተስ፣ ይሄ እጅህ በነፃ ነው የተቃጠለው?» አለው። ኤፍሬም ቢያመነታም ተናገረ። የሚነድ መኪና ውስጥ ሁለት ጓደኞቹን አውጥቶ ነበር። አዛዡ የነሐስ ኮከብ የሚባል ሜዳሊያ እንዲሰጠው ጽፎለት ነበር። ግን አልደረሰውም።

«ወረቀት አለህ?» አልኩት።

በሚቀጥለው እሁድ የስንብት ወረቀቱን አመጣ። ያን ቀን ውኃ ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሼ ነበር። መነጽሬን አድርጌ፣ ቆሜ፣ እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። የተሰጡት ሜዳሊያዎች ከሚለው ስር ጥቂት ተራ ነገሮች አሉ፤ ሁሉም ወታደር የሚያገኛቸው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሄድኩበት።

«ኮከብ የሚል የለም» አልኩ። «ኤፍሬም፣ እዚህ አገር ወረቀት ላይ የሌለ ነገር አልተደረገም።»

«ጋሼ፣ ከወጣሁ በኋላ ነው ያጸደቁት ብለውኝ ነበር።»

«ለሁሉም እንደዚያ ይላሉ።»

«ደመና ጋርዶታላ» አለ ከጥግ ታደለ የሚባለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሊሞዚን ነጂ። «ሲገልጥ ይታያል።»

ሳቁ ረጅም ነበር። የሳቄን ድምፅ እስከ ዛሬ ከሌላው ለይቼ እሰማዋለሁ። ኤፍሬም ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በመጣበት እጥፋት አጠፈው፣ የሻዩን ከፍሎ ወጣ። ከዚያ እሁድ በኋላ ሰው ሁሉ «ኮከቡ» ይለው ጀመር። «ኮከቡ ኤርፖርት አደረሰኝ»፣ «ኮከቡ ቫኑን ለወጠ»። ሱቁ መምጣት ተወ። ከእድር ስብሰባም ቀረ። እናቱም በቤተ ክርስቲያን ከፊት ትቆም የነበረችው ወደ በሩ ተጠጋች፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ቀድማ ትወጣለች።

ዓምና ትርንጎ አስጠራችኝ። ኦሮራ ውስጥ የአዛውንቶች አፓርታማ ነው ያለችው፤ ኩላሊቷ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ትውላለች። ከስታ አንገቷ እንደ ልጅ አንገት ሆኗል።

«ጋሽ በላቸው፣ እርስዎ ነዎት ያነበቡት» አለችኝ። «ሰዉ የሳቀው እርስዎ ስላነበቡ ነው። ልጄ ውሸታም ተብሎ እኔ መሬት አልገባም። እዚያ ወረቀት ላይ እንዲገባ ያድርጉልኝ። እርስዎ የማያውቁት ነገር የለም።»

ተከራከርኳት ማለት አልችልም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ይህን ያህል ትልቅ ጉዳይ ሞክሬ አላውቅም ነበር። መንገዱን አጠናሁ። መጀመሪያ የአገልግሎት መዝገቡ ሙሉ ቅጂ ይጠየቃል። ከዚያ ማስረጃ ተያይዞ መዝገቡ እንዲታረም ማመልከቻ ይገባል። ባለመዝገቡ መፈረም አለበት። ኤፍሬም እናቱ ቤት መጥቶ ቆሞ ፈረመ፣ ምን እንደሚል እንኳ አላነበበም። «ለማማ ስል ነው» ብሎ ወጣ። መልሱ የሚመጣበት አድራሻ ላይ የራሴን ጻፍኩ፤ ጠበቃ እንደዚያ ያደርጋላ።

ከወራት በኋላ ወፍራም ፖስታ መጣ። ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ገጽ በገጽ አየሁ። አገኘሁት። የሜዳሊያው ትእዛዝ፣ የኤፍሬም ሙሉ ስም፣ የአዛዡ ፊርማ፤ ቀኑ ልክ ልጁ እንዳለው ከስንብቱ በኋላ ነው። ብቻዬን ሆኜ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁ። ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገለጥኩ። የአንድ ጥቅል ፊት ፎቶ ኮፒ ነው። የትርንጎ የካፒቶል ሂል አድራሻ አለበት። በአድራሻው ላይ አግድም፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ አንቀበልም ይላል። የ«አር»ዋ እግር ከመስመሩ በታች ረዝሞ ወርዷል።

ቁልፍ አልነበረም። ኮከቡን በዚህ እጄ ይዤው ነበር፤ ክብደቱን መዝኜ፣ ጠጠር ማለቱን ዳስሼ፣ መልሼዋለሁ። ያን የመለስኩትን ነገር ደግሞ ወረቀት ላይ የለም ብዬ በሰው መሀል አስቄበታለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረግኩትን ብተወው ማንም አያውቅብኝም፤ ግን እጽፈዋለሁ። ያን ገጽ አወጣሁት። ለጉዳዩ አያስፈልግም አልኩ፣ ትእዛዙ ብቻውን ይበቃል። መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ከተትኩትና አሥራ አንድ ቀን እዚያ ቆየ። ማመልከቻው ላይ ግን ለምን እስከ ዛሬ ሳይጠየቅ እንደቆየ ማስረዳት የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። «ጥቅሉ በፖስታ ጠፍቶ ይሆናል፤ አመልካቹ ምክንያቱን አያውቅም» ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ከሥሩ፣ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አመልካቹ አረጋግጦ ይፈርማል ይላል። የሚፈርመው ኤፍሬም ነው። ውሸታም ሳይሆን ውሸታም ያልኩትን ሰው፣ አሁን በፊርማው ውሸት ላስይዘው ነው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጽሑፌን አየሁት፤ ያምር ነበር።

በማግስቱ ሞንትቤሎ ሄጄ ቫኑ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ እሱ ወንበሮቹን ሲጠርግ አገኘሁት።

«ጋሽ በላቸው። ፎርም ቀረ እንዴ? ሺፍቴ ሊደርስ ነው።»

«ግባና ተቀመጥ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

ከፊት ተቀመጥን። ገጹን ሰጠሁት። አነበበው። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር ብርዱ ከመስታወቱ ይመጣል።

«የማማ የድሮ አድራሻ ነው» አለ። «አንቀበልም ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ፖስተኛውን፣ እናቱ የዘረጋችውን እጅ፣ ቁልፍ ነው ያልኩትን። ጠርጎ የጨረሰውን ዳሽቦርድ ደግሞ በጨርቁ ጠረገው።

«ቁልፍ» አለ።

«አዎ።»

«ጋሼ፣ ያን እሁድ ሲያነቡ ይሄ ትዝ አላለዎትም?»

«ትዝ አላለኝም። ትዝ ብሎኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ ክፋት ይሆን ነበር። እንዲያው አላሰብኩትም።»

«ከመኪናው ያወጣኋቸውን ሁለቱን ሰዎች ታውቃላችሁ?» አለ፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሱቁ ጠረጴዛ ሁሉ እንደሚናገር ሰው። «አንዱ በየዓመቱ ይደውላል። ሜዳሊያህን የት ሰቀልከው ይለኛል። ሳሎን እለዋለሁ።» ገጹን መልሶ ሰጠኝ። «ይግባ። ከነምክንያቱ ይግባ። ለማማ ግን እርስዎ ይንገሯት፣ እኔ አልችልም።»

ትርንጎ ማሽኑ ላይ ሆና ነበር ያገኘኋት። ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቱቦ ያልገባበትን እጇን አንስታ አየችው።

«ዘርግቼው ነበር እኮ» አለች። «ልፈርም ዘርግቼው ነበር።»

«አዎ።»

«ሸሚዙ አለ?»

«አለ።»

«እሱን ልበስና እዚያው ሱቅ፣ እዚያው ቆመህ የራስህን ጥፋት አንብበው። የኔን ልጅ ወረቀት እንዳነበብከው።» ያን ሁሉ ዓመት እርስዎ ስትለኝ ኖራ ለሁለተኛ ጊዜ «አንተ» አለችኝ። በዚህኛው ውስጥ ወንድምነት አልነበረም።

ማመልከቻው በእኔ ቃለ መሐላ ታጅቦ ሄደ፤ ማን ጥቅሉን እንደመለሰ፣ ለምን እንደመለሰ፣ ስሜና ፊርማዬ ያለበት። ጊዜ ወሰደ። ትርንጎ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገብታ ወጣች፤ እኔ የፖስታ ሳጥኔን በቀን ሦስት ጊዜ እከፍት ነበር። በመጨረሻ መልሱ መጣ። መዝገቡ ታርሟል፤ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ሜዳሊያው ለብቻው ይላካል።

እሁድ ሸሚዙን አወጣሁ። ሆዴ ላይ ሁለት ቁልፍ አልገጥም አለኝ፤ ኮት ደረብኩበት። ሱቁ ሙሉ ነበር። ታደለ «ጠበቃው ዛሬ ሙሽራ ሆኗል» አለ። ቆምኩ። መጀመሪያ የታረመውን መዝገብ፣ ቀጥሎ የራሴን ቃለ መሐላ በአማርኛ አነበብኩ። ቁልፍ ያልኩትንም አነበብኩ። ሳቅ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ታደለ ብርጭቆውን እያዞረ «እኔም ደመና ጋርዶታል ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማን እንዳለው አላውቅም። ባለ ሱቁ የመሀሉን ጠረጴዛ መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ ነበር። ያን ቀን እዚያ አልተቀመጥኩም። ኤፍሬም አልነበረም። እስካሁንም አልመጣም።

ብዙ ነገር ችያለሁ ብዬ የጀመርኩ ሰው ነኝና፣ በዚህ ጉዳይ የቻልኩትን ቆጥሬ ላብቃ።

የአንድ ወታደር መዝገብ ላይ የጎደለውን አንድ መስመር ማስገባት ቻልኩ።

ከመዝገበ ቃላቴ ውስጥ አንድ ገጽ አውጥቼ ወደ ቦታው መመለስ ቻልኩ።

ስሜን፣ ጥፋት ከሚለው ቃል አጠገብ፣ ሳላሳምር መጻፍ ቻልኩ።

«ኮከቡ» ማለትን ካስጀመርኩት ሱቅ ማስቀረት ቻልኩ፤ ቢያንስ እኔ ባለሁበት።

የማላውቀውን ነገር ሲጠይቁኝ «አላውቅም» ማለት ቻልኩ፤ እስካሁን አራት ጊዜ።

እና ሜዳሊያው የመጣ ቀን ትርንጎ አስጠርታኝ ነበር፤ ኤፍሬም በእሷ አድራሻ እንዲላክ አድርጎ ኖሯል። እሱ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ፖስተኛዋ ጥቅሉን ዘርግታ የሚፈርም ጠየቀች። ትርንጎ ከወንበሯ ተነስታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ እስከ በሩ ሄደች። እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ የስሟ የመጀመሪያው ፊደል ተጣመመ፣ ሁለተኛው ከመስመሩ ወጣ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለት እጆቼን ኪሴ ውስጥ ማቆየት ቻልኩ።